አዲሱ ሳይለመድ አሮጌውን አትዝጉብን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከጎንደር

ክቡር አዘጋጅ፦

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በጎንደር ከተማ በሞባይልና በኮምፒውተር ጥገና፣ በጽሕፈትና በኢንተርኔት አገልግሎት የተሰማራን ሰዎች ነን። ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከቅዳሜ ገበያ እስከ አዘዞ ባሉ ሱቆቻችን ውለን የምናድረው «ይሄ ነገር እምቢ አለኝ» የሚል ሰው እያስተናገድን ነው። ከወዲሁ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ አፕ በታደሰ፣ ሚኑ በተቀየረ፣ ፎርም ወደ ኢንተርኔት በገባ ቁጥር ገበያችን ይደራል። ደብዳቤው የገዛ ኪሳችንን የሚጎዳ ነው ማለት ነው። ይሁንና «ማሻሻያ» እየተባሉ ከመጡት ለውጦች ብዙዎቹ ሥራውን ከመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ አንሥተው ደንበኛው ጫንቃ ላይ የሚጥሉ ናቸው። ጉድለቱ ከየት እንደሚመጣና በምን ያህል ትንሽ ሥራ እንደሚስተካከል እያወቁ ዝም ማለት ደግሞ አይቻልም።

ከትንሹ እንጀምር፤ ከኮከብና ከመሰላል (* እና #)። በአጭር ቁጥር የሚሠራው የባንክና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሜሞሪ አይበላም፣ አፕዴት አይጠይቅም። የሚጓዘው ስልኩ ከማማው ጋር ምልክት በሚለዋወጥበት መስመር ስለሆነ ሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ እስካለ ድረስ በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። በወገራና በደምቢያ ገጠር ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር እስካሁን አልተፈጠረም። አፕ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ደግሞ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ሲቀር ሁሉም አይቶታል።

ታዲያ ይህን አገልግሎት የሚያበላሸው የቴክኖሎጂው እርጅና ሳይሆን የሚኑ ቅደም ተከተል መለዋወጥ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናት ሚኑን አያነቡም፤ ቁጥሮቹን በቃላቸው ይዘዋል። አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ የተቀባዩ ስልክ፣ ከዚያ የብሩ መጠን፣ ከዚያ ምስጢር ቁጥር። እርሳቸው ዘንድ አገልግሎቱ ማለት ይህ ተራ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ብድር ወይም ስጦታ የሚባል አዲስ ነገር ከዝርዝሩ አናት ላይ ይሰካል፤ አንድ የነበረው ሁለት፣ ሁለት የነበረው ሦስት ይሆናል። እናት የለመዱትን ሲነኩ የማያውቁት ገጽ ውስጥ ይገባሉ፣ ብር የሚጻፍበት ቦታ ላይ ስልክ ቁጥር፣ ምስጢር ቁጥር የሚጠየቅበት ቦታ ላይ ብር ያስገባሉ። ምስጢር ቁጥር በተደጋጋሚ ሲሳሳት ሒሳቡ ይቆለፋል። ለማስከፈት መታወቂያ ይዞ ቅርንጫፍ መምጣት ግድ ነው። ከገጠር ለሚመጣ ሰው ይህ የአንድ ቀን ሥራና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ አገልግሎት ሲጨመር በዝርዝሩ መጨረሻ፣ በራሱ አዲስ ቁጥር ይግባ። አንድ አገልግሎት ሲቀርም ቁጥሩ ባዶውን ይቀመጥ እንጂ የታችኛው ወደ ላይ አይሳብ። የሚኑ ርዝመትም ሊታሰብበት ይገባል። የአጭር ቁጥር አንድ ገጽ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 182 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ ግን 80 ብቻ። አዘጋጆቹ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጽፈው ኋላ ወደ አማርኛ ስለሚያዞሩት አንድ የነበረው ገጽ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል። ሰውየው «ለመቀጠል» የሚለውን እየነካ ገጽ ሲያገላብጥ የተፈቀደለት ጊዜ ያልቅና መስመሩ ይዘጋል፤ እንደገና ከኮከብ። ስለዚህ ሚኑ ከመነሻው በአማርኛ ተጽፎ ከ80 ፊደል በታች ተሰፍቶ ይምጣ።

ቀጥሎ አፑ ነው። ሱቃችን ከሚመጡት ታች ስልኮች ብዙዎቹ 16 ወይም 32 ጊጋ ማከማቻ፣ 1 ወይም 2 ጊጋ ራም (ስልኩ በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያላቸው ናቸው። ከ16ቱ ጊጋ ግማሽ ያህሉን ስልኩ ራሱ ይወስደዋል። ቴሌግራም፣ ፎቶና የመዝሙር ቪዲዮ ሲጨመርበት የሚተርፈው ጥቂት መቶ ሜጋ ነው። የባንኩ አፕ «አሁኑኑ ካላደሱኝ አልከፍትም» ይላል። 80 ሜጋ የሚመዝን አፕ ለማደስ 80 ሜጋ ክፍት ቦታ ይበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል፤ ፋይሉ ወርዶ፣ ተፈትቶና ተጭኖ እስኪያልቅ ድረስ አሮጌው አይጠፋምና የዚህን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈልጋል። ቦታ ሲጠፋ ሰው ደንግጦ የልጆቹን ፎቶ ያጠፋል። ከዚያ በፊት ቴሌግራም ውስጥ ገብቶ «ሴቲንግ»፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ «ስቶሬጅ ዩሴጅ»፣ «ክሊር ካሽ» ብሎ ማጽዳት ይሻላል። ከስልኩ የተጠረገው ቪዲዮና ፎቶ ቻናሉ ውስጥ እስካለ ድረስ መልሶ ይወርዳል። እዚያው ላይ ሚዲያ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ 3 ቀን ዝቅ ማድረግም ይቻላል።

ራሙ ያነሰ ስልክ ላይ ደግሞ የባሰ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ምክንያቱን ስለማያውቅ ራሱን ይወቅሳል። አፑ የማረጋገጫ ኮድ ይልካል። ሰውየው ኮዱን ለማንበብ ከአፑ ወጥቶ መልእክት ሳጥኑን ይከፍታል። 1 ጊጋ ራም ያለው ስልክ ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ስለማይችል አፑን ከጀርባ ይዘጋዋል። ተመልሶ ሲገባ አፑ ከመጀመሪያው ገጽ ይነሣል፣ ሌላ ኮድ ይልካል፣ የመጀመሪያው ውድቅ ይሆናል። ሦስት አራቴ ከተደገመ በኋላ «በጣም ብዙ ሙከራ» ተብሎ ለሰዓታት ይታገዳል። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም። ለጊዜው የሚያዋጣው ከአፑ ሳይወጡ የስክሪኑን አናት ወደ ታች ስቦ ኮዱን ከማሳወቂያው ላይ ማንበብ ነው። ማሳወቂያው ኮዱን ቆርጦ የሚያሳይ ከሆነ መልእክቱ ሲጀምር ማስታወቂያ ስለተጻፈበት ነው፤ ይህም የላኪው ጥፋት ነው፣ ኮዱ ከሁሉ አስቀድሞ መምጣት ነበረበት። አፑን የሚሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ ሰውየው የደረሰበትን ገጽ መዝግቦ ሲመለስ ከዚያው እንዲቀጥል ማድረግ ይችላሉ፤ አንድሮይድ ለዚሁ የተዘጋጀ መንገድ አለው። የማይሠሩት ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ስልክ 8 ጊጋ ራም ስላለው ችግሩ ታይቷቸው ስለማያውቅ ይመስለናል። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላና አጭር መልእክት ሲዘገይ የኮዱ ዕድሜ ስንት ደቂቃ ሊሆን እንደሚገባም ቢያስቡበት መልካም ነው።

«ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሌላው የእኛ የዕለት እንጀራ ነው። ስልኩ አልተበላሸም፣ ቫይረስም አልገባበትም። ባለቤቱ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ነው። ስልኩ 2018 ነው ብሎ ሲያምን የድረ ገጾቹ የደኅንነት ሰርተፍኬት (የድረ ገጹን እውነተኛነት የሚመሰክር ማረጋገጫ) «ገና ያልተጀመረ» ሆኖ ይታየዋልና ሁሉን ይዘጋል። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ያስተካከለ ስልክ በየደቂቃው በሚለዋወጥ ኮድ የሚሠሩ አፖችን አይከፍትም። መድኃኒቱ ቀንና ሰዓትን «አውቶማቲክ» ማድረግ፣ የሰዓት ቀጣናውን ግሪንዊች ሲደመር 3 ላይ ማስቀመጥ፣ የእኛን ዘመን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ለብቻው መጫን ነው። ግን ጥያቄ አለን። ለኢትዮጵያ ገበያ የተሠራ አፕ ስልኩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ሲያገኘው «የስልክዎን ቀን ያስተካክሉ» ብሎ በአማርኛ መናገር ለምን አቃተው? ይህን ስሕተት ከእኛ አገር በላይ የሚያውቀው የለም።

ዕድሜው የገፋ ስልክ ግን ቀኑ ትክክል ሆኖም ይኸንኑ ሊል ይችላል። ከአንድሮይድ 7.1.1 በታች ያሉት ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበትን ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ሥር ሰርተፍኬት (ሌሎቹ የሚታመኑበት ዋና ማረጋገጫ) አያውቁትም፤ ሲያገለግላቸው የነበረው መሸጋገሪያም መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. አብቅቷል። የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ይህን አውቆ ሌላ መግቢያ ካላዘጋጀ በስተቀር የስልኩ ባለቤት ከመደብሩ የሚያገኘው መልስ «አዲስ ስልክ ግዛ» የሚል ብቻ ነው።

የአጭር መልእክት ደረሰኝም ተሻሽሎ ነው የተበላሸው። ቀድሞ መልእክቱ የወጣውን ብር፣ ቀሪውንና የዝውውሩን ቁጥር ይነግር ነበር። አሁን አሁን ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ማስታወቂያና መጨረሻ ላይ «ደረሰኙን ለማየት ይህን ይጫኑ» የሚል ማስፈንጠሪያ ይጨመርበታል። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ምኑን ይጫነው? ይባስ ብሎ ሰውን ማስፈንጠሪያ መጫን ማስለመድ ለአጭበርባሪ መንገድ መጥረግ ነው፤ ነገ የሚመጣውን የሐሰት መልእክት ከእውነተኛው የሚለየው ምልክት አይኖርም። በአማርኛ የሚላክ አንድ አጭር መልእክት 70 ፊደል ይይዛል፤ ሲበልጥ እያንዳንዱ ክፍል ወደ 67 ይወርዳል። 70 ደግሞ ይበቃል። «ከሂሳብዎ 500 ብር ወጣ። ቀሪ 1,240.50። ቁ. 48213።» የሚለው ክፍተቱና ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ 39 ነው። ቀኑና የተቀባዩ ስም ቢጨመርበት እንኳ በአንድ መልእክት ያልቃል። ለነጋዴዎቻችንም በዚህ አጋጣሚ፦ ገዢው ስልኩ ላይ የሚያሳያችሁ የደረሰኝ ምስል በደቂቃ ውስጥ ተቀናብሮ ሊሠራ የሚችል ነው። እቃውን ከማስረከባችሁ በፊት የራሳችሁን ቀሪ ሒሳብ እዩ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ሲስተም የለም» እንምጣ። ቅርንጫፍ የሄደ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማው ይኸው ሆኗል። መብራት ሲጠፋ፣ ፋይበር ሲቆረጥ ወይም ማእከሉ ሲጨናነቅ አገልግሎቱ መቆሙ በራሱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ የትም አገር ይደርሳል። የሚያስወቅሰው ሲቆም የሚሠራበት ሁለተኛ መንገድ አለመኖሩ ነው። ቀድሞ የቁጠባ ደብተር ነበር። ቀሪው በእጅ ወይም በማሽን ተጽፎበት፣ ማኅተም አርፎበት ሰው ቤቱ ይይዘው ነበር። ደብተሩ ሲቀር «አፕ ላይ ታዩታላችሁ» ተባለ፤ አፑ ደግሞ ከዚያው ሲስተም ነው የሚያነበው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው።

ገንዘብ ማውጣት ያለ ሲስተም አደገኛ መሆኑን እንረዳለን፤ ቀሪውን ሳያዩ መክፈል አይቻልም። ገንዘብ ማስገባት ግን ሌላ ነው። ተከታታይ ቁጥር ባለው፣ በሦስት ቅጂ በሚቆረጥ ደረሰኝ ተቀብሎ ሲስተሙ ሲመለስ መመዝገብ ይቻላል። ባንኩ ብሩን በእጁ ስለያዘ የሚያጣው የለም። ከማክሰኚት ወይም ከቆላድባ በርበሬና ጤፍ ሽጦ የመጣ ገበሬ ጥሬ ገንዘቡን ታቅፎ ወደ መናኸሪያ እንዳይመለስ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው።

ከሲስተም መጥፋት የከፋው ደግሞ ሲስተም ግማሽ መንገድ ላይ ሲጠፋ ነው። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ የሚላክ ብር ከስልክ ወደ ላኪው ባንክ፣ ከዚያ ባንኮችን ወደሚያገናኘው ማእከል፣ ከዚያ ወደ ተቀባዩ ባንክ ይሄዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ትእዛዙ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ከቀረ ከላኪው ሒሳብ ብር ተቀንሷል፣ ስክሪኑ ግን «አልተሳካም» ይላል። ሰውየው ያመነውን አምኖ ደግሞ ይልካል። አንዳንዴ ሁለቱም ይደርሳሉ፤ አንዳንዴ አንዱ ደርሶ ሁለተኛው ማስተካከያ እስኪሠራ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። እዚህ ላይ ስክሪኑ የዋሸው መተዛዘን የሌለበት ውሸት ነው። «አልተሳካም» እና «ውጤቱን አላወቅሁም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትክክለኛው ጽሑፍ «ትእዛዝዎ ተልኳል፤ ውጤቱ ገና አልታወቀም፤ ደግመው አይላኩ» መሆን ነበረበት። ከጽሑፉ ባሻገር አሠራሩም አለ። ስልኩ ትእዛዙን ገና ሳይልክ አንድ ቁጥር ይስጠው፤ በዚያው ቁጥር ደግሞ የመጣ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ እንዳይፈጸም ማእከሉ ይከልክል። ይህ በክፍያ ሥርዓት ሙያ ውስጥ የታወቀና ያረጀ ዘዴ ነው።

እስከዚያው አንባቢ እንዲህ ያድርግ። «አልተሳካም» ሲልዎት አይድገሙ። መጀመሪያ ቀሪዎን ይዩ። የቅርብ ዝውውሮችን ዝርዝር ከፍተው ያ ብር እንዳለበት ያረጋግጡ። ተቀንሶ ከሆነ ቁጥሩን፣ የብሩን መጠንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፈው ለላኪው ባንክ ያመልክቱ፤ ተቀባዩ ባንክ ዘንድ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው፣ እርሱ ጋ ያልደረሰ ነገር አይታየውም። ቀጥሎ ቅርንጫፍ ሲሄዱ ደግሞ «ሲስተም የለም» ሊሉዎት ስለሚችሉ ወረቀቱን አይጣሉት።

ስለ ስምና ቀን ብዙ ማለት ይቻላል፤ የጽሕፈት ቤቶቻችንን ወረፋ ያረዘመው እርሱ ነው። የድሮው የቀበሌ መዝገብ ያዥ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም በየትኛውም «ሀ» ቢጻፍ አይቸግረውም ነበር፤ ገጹን ገልጦ ያገኘዋል። ኮምፒውተር ግን ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃን ስድስት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ነው የሚያያቸው። ሁለት ዓይነት «ስ»ና ሁለት ዓይነት «ሴ» ሲታከልበት ስሙ በ24 መንገድ ይጻፋል፤ ተያይዞና ተለያይቶ ሲቆጠር 48። የመዘገበው ሠራተኛ በአንዱ፣ የሚፈልገው በሌላው ከጻፈው «መዝገብ ላይ የለም» ይባላል። ሰውየው ቆሞ እያዩት የለም። አዲስ መዝገብ ይከፈትለትና አንድ ሰው ሁለት ይሆናል፤ ጣጣው ከዓመት በኋላ ግብር ወይም ካርታ ላይ ይወጣል። መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ እንዳስጻፈው አስቀምጦ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ነው፤ በዚያ ቅጂ የ«ሐ»ና የ«ኀ» ዘር በሙሉ ከነሃውና ኃው ወደ «ሀ»፣ የ«ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ»፣ «ዓ»ና «ኣ» ወደ «አ»፣ የ«ፀ» ወደ «ጸ» ይመለሱ፣ ክፍተትም አይቆጠር። አንድ ፕሮግራመር በግማሽ ቀን የሚጽፈው ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ «ፀሐይ»ን አንዱ ጸሐፊ በቲ ኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጀምራታል፣ ባንኩና መታወቂያው አይገናኙም። ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት መታወቂያችሁ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ገልብጡ፤ ከጆሮ አትጻፉ።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ፎርሙ የፈረንጁን ቀን ብቻ ይቀበላል፤ ሰዉ በደፈናው 8 ዓመት ይደምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ለተወለደ የሚደመረው 7 ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጁ ኦክቶበር 20 ቀን 1992 እንጂ 1993 አይደለም። አንድ ዓመት የተሳሳተ ሰው መታወቂያውና የባንክ መዝገቡ ሳይጣጣሙለት ይኖራል። ቀጠሮ ሲሰጡም «2፡30» ብቻ ብለው ይልካሉ፤ በማን ሰዓት? «ከቀኑ 8፡30» ብሎ መጻፍ ስንት ፊደል ይፈጃል?

ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ብስጭታችን የሙያ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ፣ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በከተማችን ቢሮዎችና ጽሕፈት ቤቶች ካሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የአራተኛና የስድስተኛ ትውልድ ናቸው፤ ደብዳቤ ለመጻፍና ሠንጠረዥ ለመሥራት አንዳች ጉድለት የለባቸውም። «አርጅቷል» ተብለው እንዳይጣሉ እንመክራለን። ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) መግጠምና ራሙን 8 ጊጋ ማድረስ ከአዲስ ማሽን ዋጋ በጣም ያነሰ ሲሆን ፍጥነቱን በግልጽ ይለውጠዋል። የግል ተጠቃሚ የሆነ ሰው የደኅንነት ማሻሻያውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ማራዘም ይችላል፤ የማይክሮሶፍት አካውንት ግን ይፈልጋል። ኢንተርኔት የማይነካ የጽሕፈት ማሽን ባለበት ቢቀጥል ብዙም አያሰጋም፤ ፍላሽ በሚገባበት ሁሉ ግን ስካን አድርጉ።

የአማርኛ ጸሐፊን ያንገላታው ሌላም አለ። ቪስታ ከሚባለው ዕትም ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ የነበረው ኒያላ ፎንት በዊንዶውስ 10 ወደ ተጨማሪ አማራጭ ተገፋ። አማርኛ በቋንቋነት ካልተጨመረበት በስተቀር ማሽኑ ላይ የለም። በኒያላ የተጻፈ ውል ወይም ቃለ ጉባኤ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ኤብሪማ በሚባል ፎንት ይተካል። የፊደሉ ስፋትና የመስመሩ ከፍታ ስለሚለይ ገጹ ይገፋል፣ ሠንጠረዡ ይሰበራል፣ የፊርማው ቦታ ብቻውን ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ነው። «ሴቲንግ»፣ «አፕስ»፣ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ ገብቶ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን መጨመር፣ ወይም ሰነዱን ወደ ሌላ ቦታ ከመላክ በፊት ፒዲኤፍ ማድረግ ይበቃል። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ተጽፎ ተመሰቃቅሎ የሚከፈተው ግን ሌላ በሽታ ነው፤ እርሱ ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ ወደሚጠቀሙበት የፊደል አመዘጋገብ) መለወጥ አለበት።

ስለ አዲሱ መልክ ብዙ አንልም። ዊንዶውስ 11 ቀኙን የማውስ ቁልፍ ስንጫን እናገኛቸው የነበሩትን ትእዛዞች ከፊሉን «ተጨማሪ አማራጮች» ከሚል በር ጀርባ ደበቃቸው፤ ሺፍትን ይዞ መጫን የድሮውን ያመጣዋል። ወርድ ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ላስቀምጥ ብሎ ሲያስቸግር ኤፍ 12ን መንካት የቀድሞውን ማስቀመጫ ሳጥን ይከፍታል። ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ዴስክቶፕን በሙሉ ወደዚያ እንዲገለብጥ የፈቀደ ቢሮ ቦታው ሲሞላ ግማሹ ሰነድ ተቀምጦ ግማሹ ሳይቀመጥ ይቀራል። አዲስ ማሽን ስታስገቡ ይህን ማጥፋት የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።

እነዚህን የሚሠሩ ባለሙያዎችን አንንቅም፤ ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የወጡም አሉበት። የምንጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው። አንድ አሮጌ አገልግሎት ከመዘጋቱ በፊት አዲሱ ጎን ለጎን ቢያንስ 6 ወር ይሥራ፤ የሚዘጋበት ቀንም በኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በቅርንጫፉ በር ላይ በአማርኛ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ አፕም ሆነ ሚኑ ከመውጣቱ በፊት 1 ጊጋ ራምና 16 ጊጋ ማከማቻ ባለው፣ ማከማቻው በሞላ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ፣ ቀኑ በእኛ ዘመን በተሞላ ስልክ ላይ፣ ሁለተኛ ትውልድ ኔትወርክ ብቻ ባለበት ቦታ ይሞከር። እንዲህ ያለ ስልክ ያጣ መሥሪያ ቤት ካለ ከየሱቃችን መሳቢያ አውጥተን በነፃ እናውሳለን፤ ባትሪውን ግን ራሱ ቻርጅ ያድርግ።

በጎንደር ከተማ በሞባይልና ኮምፒውተር ጥገና፣ በጽሕፈትና በኢንተርኔት አገልግሎት የተሰማራን ባለሙያዎች